ለጋሽ ድንበሩ የታደለው ካርታ

ድሮ ነው። ወፍጮ ቤት ግድግዳ ተደግፌ ተራ ስጠብቅ፣ ከግድግዳው ወዲያ ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ ሰማሁ። አንዷ ሴት ነበረች። ሌላኛው ወንድ ይመስለኛል፤ ጉንፋን የያዛት ሴት ልትሆንም ትችላለች።

«ካደላችሁለት ይቀመጣል።»

«ከተቀመጠስ?»

«ከተቀመጠማ አንድ ቀን መነሳት ያምረዋል።»

«ታዲያ ምን ቸገረ፣ ይነሳ።»

«በምን አፉ ጠይቆ?»

ሌላም ነገር ተባብለዋል፤ ወፍጮው ዋጠው። ማን እንደነበሩ ዞሬ አላየሁም፣ ተራዬ ደርሶ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ሰው ሲቀበር ወይም ባዶ ወንበር ሲጎተት ያ ንግግር ትዝ ይለኝና፣ ቀሪው አሁን ይሰማኝ ይሆን ብዬ ጆሮዬን አቆማለሁ።

በከተማችን ሰው ሁሉ ካርታ ይጫወታል። ወዶ አይደለም፣ ደንብ ነው። መሥራቾቹ፣ እግዜር ነፍሳቸውን ይማር፣ ከተማው በወሬ ሊፈርስ ሲል ተሰብስበው ወሬውን በሩብ ለመቀነስ ወሰኑ ይባላል። አዋቂ የሆነ ሁሉ አራት አራት እየሆነ ገበታ ይመሥርት፣ በየሳምንቱ ሐሙስ አመሻሽ ላይ ይጫወት፣ የተሸነፈው እስከሚቀጥለው ሐሙስ አይናገር ተባለ። ከአራት አንዱ ዝም ካለ ሩብ ቀነሰ ማለት ነው። ውሳኔውን የተቃወመ የለም፤ ሊቃወም የነበረው ሰው በሙከራው ጨዋታ ተሸንፎ ነበር።

የተሸነፈው «ዝም» ይባላል፤ ግራ እጁ ላይ ነጭ ክር ይታሰርለታል። ያሸነፈው «አፍ» ይባላል። አፍ ለዝም ይናገርለታል፤ ገበያ ላይ ይከራከርለታል፣ ሐኪም ዘንድ የቱ ጋ እንደሚያመው ይነግርለታል፣ ሲያስፈልግም ከሚስቱ ጋር ይጨቃጨቅለታል። አፍ የተናገረው እንደ ዝሙ ቃል ይቆጠራል። ክሩን የሚያስረውና የሚቆርጠው የዝምታ ሹም ነው። ሹሙ ጫማውን በበግ ቆዳ ጠቅልሎ ነው የሚሄደው፤ መቀሱን እንኳ ኮሽ እንዳይል ዘይት ይቀባዋል።

እኔ አድማጭ ነኝ። እያንዳንዱ ገበታ አንድ አድማጭ አለው፤ ካርታ አይጫወትም፣ ሳምንቱን ሙሉ ዝሙ አጠገብ እየሆነ ቃል እንዳያመልጠው ይሰማል። ለዚህ ሙያ ኮረብታው ላይ ትምህርት ቤት አለ። እኔ አልገባሁም። ሙያውን የለመድኩት ብቻዬን ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ከዛፍ ሥር እየተቀመጥኩ፣ የቅጠሉን ድምፅ ከሰው እግር፣ የጸሎቱን ከማጉረምረሙ እየለየሁ። አድማጭ ሰምቻለሁ ካለ ሰምቷል፣ ቃሉ አይመረመርም። ስለዚህም ያልሰማሁትን ሰማሁ ብዬ አላውቅም። ይህን የምለው ለመመጻደቅ አይደለም፣ በኋላ ስለሚያስፈልግ ነው።

የኔ ገበታ በኮርቻ ሰፊዎች ሰፈር፣ ጋሽ ላቀው ቤት ነበር። ጋሽ ላቀው ኮርቻ ሰፊ ነው፤ ሚስቱ ከሞተች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል፣ እናኑ የምትባል አንድ ልጁን ብቻውን አሳድጓል። ወሬ ይወዳል። ዝም በሆነ ሳምንት ኮርቻዎቹ እንኳ ተጣመው ይወጡ ነበር። ሁለተኛው እንግዳ የሚባል ሰው ነው፣ ገመድ የሚገምድ፣ ሲያሸንፍም ሲሸነፍም እኩል የሚያዝን። ሌሎቹ ሁለቱ ባልና ሚስት ነበሩ፤ ጋሽ ድንበሩ የድልድዩ ጠባቂና እትዬ አዛለች።

ጋሽ ድንበሩ ካርታ አይሆንለትም ነበር። አንድ ካርታ ከመጣሉ በፊት ጉሮሮውን ሁለት ጊዜ ይጠርጋል፤ እህም፣ እህም። ከዚያ ይጥልና ይበላል። ላቀው «ጉሮሮህ ተጠረገ፣ እጅህ ግን ቆሻሻ ነው» ይለዋል። ሃያ ዓመት አብረው ሲጫወቱ ጋሽ ድንበሩ አፍ ሲሆን ያየሁት ሦስት ወይም አራት ጊዜ ነው፤ ያኔም ምን እንደሚናገር ጠፍቶት ሳምንቱን ተጨንቆ ያሳልፋል።

አምና ክረምት ሲገባ ሞተ።

ለዚህም ደንብ አለ። ተጫዋች ሲሞት ወንበሩ ለአንድ ዓመት አይነሳም። እንደ ሌሎቹ አሥራ ሦስት ካርታ ይታደልለታል፤ ካርታው ወንበሩ ፊት ተደፍቶ ይቀመጣል፣ ተራው ሲደርስ አድማጩ ሳይመርጥ የላይኛውን ይገለብጥለታል። ትልቅ የጣለ ይወስዳል፣ ብዙ የወሰደ ያሸንፋል፣ ጥቂት የወሰደ ይሸነፋል። ዓመቱ ሲሞላ የቅርብ ሰው የሆነው የሟቹን ካርታ ከገበታው ያነሳል፣ ፊቱን ያያል፣ «የለም» ይልና መልሶ ያስቀምጣል። ወንበሩ ይዘጋል፤ ወንበሩ ዘንድ የነበረውም ሁሉ ለባለቤቱ ይመለሳል። ጋሽ ላቀው የሚስቱን ካርታ እሷ ትጫወትበት ከነበረው ገበታ እንዲህ አንስቷል። በአንድ ትንፋሽ «የለችም» ብሎ ወጣ፤ ለሳምንት ያህል እህል አልቀመሰም።

ዓመቱን ሙሉ የጋሽ ድንበሩን ካርታ የገለበጥኩት እኔ ነኝ። አንድ በገለበጥኩ ቁጥር በልቤ ነፍስ ይማር እላለሁ። እንደ ልማዱ ይሸነፍ ነበር። ሟች ሲሸነፍ ክሩ የሚታሰረው ወንበሩ እግር ላይ ስለሆነ ማንም አልተቸገረም።

ዓመቱ የሞላበት ሐሙስ መጣ። ላቀው ካርታውን በወዘና እጁን አቁሞ አዛለችን አየ። አዛለች ጥፍሯን አየች። እንግዳ ጣሪያውን አየ።

ላቀው አፉን ከፈተ። «ዛሬ እንግዲህ...» አለ። «ዛሬ ዝናቡ ባሰ አይደል?»

«ባሰ» አለች አዛለች። «ምን ትጠብቃለህ፣ አድል እንጂ።»

ለአራት አደለ።

ስንወጣ እንግዳ ጠጋ ብሎ «እኔ ምን ብዬ ልንገራት? ራሷ ታንሳው እንጂ» አለኝ። አዛለች በበኩሏ መንገድ ላይ «ላቀው አልጠየቀኝም፤ ጓደኛቸው ነው፣ ይፈልጉት ይሆናል ብዬ ተውኩት» አለችኝ። እኔም አድማጭ ነኝ፤ ሰማሁ እንጂ አልተናገርኩም። ስህተታችን ይኸው ነው፣ ከይሉኝታ ሌላ ምንም አልነበረበትም።

በዚያ አመሻሽ ወንበሩ አሸነፈ። የላይኛውን ስገለብጥ ንጉሥ። ቀጥሎ ስገለብጥ ከንጉሥም የሚበልጠው አስ። ላቀው ሳቀ፤ «አይ ድንበሩ! በቁምህ የት ደብቀኸው ነበር ይህን እጅ?» አለ። የተሸነፈው እንግዳ ነበር። በሚቀጥለው ሐሙስም ወንበሩ አሸነፈ፤ ላቀው ያኔም ሳቀ። በሦስተኛው ማንም አልሳቀም።

ሰባት ሐሙስ በተከታታይ አሸነፈ። እንግዳ ሦስት ጊዜ ዝም ሆነ፣ አዛለች አንድ ጊዜ፣ ላቀው ሦስት ጊዜ። አፉ ወንበር የሆነ ሰው የሚናገርለት የለውም። እንግዳ በሰው ገመድ ታስሮ የተወሰደ በሬውን የኔ ነው የሚልለት ጠፍቶ፣ በዓይኑ ሸኝቶታል። የከፋው ግን ሌላ ነው። ክሩ ሲቆረጥለት እንግዳ ሊናገር የፈለገው የመጀመሪያ ቃል አልወጣ አለው፤ ድምፁ ሻክሯል።

«ጉሮሮዬን ቆስያለሁ» አለኝ። «ሳምንቱን ሙሉ አንድን ሰው ስለምን የከረምኩ ነው የሚመስለኝ። ተናግሬያለሁ እንዴ?»

«አንዲት ቃል አልወጣህም» አልኩት። እውነት ነበር።

ነገሩ የኛ ብቻ አልነበረም። በቆዳ ፋቂዎች ሰፈር ሁለት፣ ከወንዙ ማዶ አንድ ወንበር አሸነፉ ተባለ፤ እነዚያም ዓመታቸው ሞልቶ በይሉኝታ ያልተነሱ ነበሩ። ገበያው ጸጥ አለ። ሻጩ እቃውን ያነሳል፣ ገዢው ራሱን ይነቀንቃል። ሹሙ ደስ ብሎት ከረመ። «ከሩብ አልፈናል» ይል ነበር፣ በሹክሹክታ። «መሥራቾቹ ይህን ቢያዩ!»

በዚህ መሃል አንድ ልጅ እናኑን ለማግባት ሽማግሌ ላከ። በኛ ከተማ ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ይመጣል። በመጀመሪያው አባት «እንመካከር» ይላል፣ በሁለተኛው «ዘመድ ይስማ»፤ ሁለቱም ለወጉ ነው። በሦስተኛው ይመልሳል። ሦስተኛ ጊዜ መጥቶ መልስ ሳያገኝ የተነሳ ሽማግሌ ወደዚያ ቤት ዳግመኛ አይመጣም፤ ለልጅቷም ከወንዱ ቤት ሌላ ሽማግሌ አይላክም። እናኑ ልጁን ትወደዋለች፤ ላቀውም ይወደዋል። ሁለቱን ጊዜ ለወጉ ብሎ አለፋቸው። ሦስተኛው እሑድ ነው።

ከዚያ እሑድ በፊት ባለው ሐሙስ፣ ወንበሩ ማሸነፍ ከጀመረ በሰባተኛው፣ ላቀው እንደ ልጅ ታጥቦ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ቀረበ። ሲጫወት አንድ ቀልድ አልወጣውም። መጨረሻው ላይ እሱና እንግዳ ከሁሉ ያነሰ ወስደው እኩል ሆኑ፣ አንድ ካርታ ቀራቸው። አዛለች አራት ጣለች። እንግዳ እየተሳቀቀ ሰባት ጣለ። ላቀው ንጉሥ ጣለ። የቀረው የወንበሩ ነው፤ ወንበሩ ካነሰ ላቀው ይወስዳል፣ ክሩም የእንግዳ ይሆናል። ወንበሩ ከበለጠ ግን ላቀውና እንግዳ እኩል ይቀራሉ፤ እኩል ሲሆን ደግሞ ያደለው ነው የሚሸነፍ። ያደለው ላቀው ነበር።

«ጆሮ» አለኝ፤ እንዲህ ነው የሚጠሩኝ። «እባክህ ቀስ ብለህ ገልብጠው።»

ቀስ ብዬ ገለበጥኩት። አስ ነበር።

ሹሙ በለስላሳ ጫማው መጥቶ ክሩን አሰረ። ላቀው እጁን ሲሰጥ ዓይኑ ከእናኑ ላይ አልተነሳም።

እሑድ ጠዋት ሹሙ «አፉ ወንበሩ ነውና ወንበሩ ከገበታው ተነስቶ እንግዶች መቀበያው ክፍል ይግባ» አለ። እኔና እንግዳ ተሸከምነው። ከክፍል ክፍል ነው፣ ሃያ እርምጃ አይሞላም። ባዶ የእንጨት ወንበር ነው። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ አሳርፈነዋል።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ። ታላቃቸው አባባ ጥላዬ ወንበሩን እጅ ነሱና ፊት ለፊቱ ተቀመጡ። ላቀው በጎን ቆሟል። አዛለች ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች። እናኑ ከመጋረጃው ጀርባ ነች፤ ትንፋሿን እሰማዋለሁ።

«ልጅዎን ለልጃችን ብለን ለሦስተኛ ጊዜ ደጅ ጠንተናል» አሉ አባባ ጥላዬ፣ ለወንበሩ። «ይሰጡናል ወይስ ይነፍጉናል?»

ሹሙ ወደኔ ዞረ። «አድማጭ፣ ምን ሰማህ?»

እሺ አለ ብል አለቀ። ማንም አይመረምረኝም። ላቀው በዓይኑ ለመነኝ፤ ሰው እንደዚያ ለምኖኝ አያውቅም። በልቤ ጸለይኩ፤ የጸለይኩት ምን እንድል ሳይሆን በደንብ እንድሰማ ነበር። ሰማሁም።

«ጉሮሮውን ጠረገ» አልኩ።

«ስንት ጊዜ?»

«ሁለት ጊዜ።»

አዛለች ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። እንግዳ ቀስ ብሎ ወደ በሩ አፈገፈገ።

ሹሙ አሰበ። «እንግዲያው መናገር ጀምሯል ማለት ነው። የጀመረ ሰው አይቋረጥም፣ ይጠበቃል።»

«እስከ መቼ?» አለ እንግዳ ከበሩ። «ሐሙስ የላቀው ክር ይቆረጥ የለም? ያኔ ራሱ ይመልስላቸዋ!»

«ጥያቄው የቀረበው ለወንበሩ ነው» አለ ሹሙ። «ወንበሩ ዘንድ ነው ያለው። የሚመልሰው ወንበሩ ነው።»

አባባ ጥላዬ ወገባቸውን ዳሰሱ። «እኔ እስከ ሐሙስ ማታ እቀመጣለሁ» አሉ። «ከዚያ ወዲያ ለዚህ ወገብ ዋስ አልሆንም፤ እነሳለሁ። ልጄ ሆይ፣» አሉ ወደ መጋረጃው፣ «ጠልቼሽ አይደለም።»

ተቀመጡ። እናኑ ቆሎና ውኃ እያቀረበችላቸው ሰኞ ሆነ፣ ማክሰኞ ሆነ። ወሬው ተሰምቶ የሰፈሩ ሰው ለወንበሩ የራሱን ጥያቄ ይዞ መምጣት ጀመረ፤ የወሰን ክርክር ያለበት፣ ላሟ የታመመባት፣ ልጁ የት እንደሄደ ያላወቀ። ሹሙ ሰልፍ አስያዛቸው። ጠይቀው ይቆያሉ፣ ጸጥታውን ያዳምጡና እጅ ነስተው ይሄዳሉ። አንዳንዶቹ እፎይ ብለው ሲወጡ አይቻለሁ።

እኔ ከላቀው አልተለየሁም። ማታ ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ አንድ ነገር አየሁ፤ አፉን ገጥሞ ተቀምጦ ሳለ ጉሮሮው ይንቀሳቀሳል። ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ያርፋል፣ እንደገና ይጀምራል። ልክ እንደሚያወራ ሰው ነው። ጆሮዬን አስጠግቼ ሰማሁ። ምንም የለም። ድምፁ እሱ ዘንድ አልነበረም። የእንግዳ መሻከር ትዝ አለኝ። ይህ ሁሉ ድምፅ ከሰው ጉሮሮ ወጥቶ የት ነው የሚሄደው አልኩ።

ረቡዕ አመሻሽ ላይ «ተነሳ፣ ትንሽ እንንቀሳቀስ» አልኩት። ወዴት እንደምወስደው ያወቀ ይመስለኛል፤ ከፊቴ ቀደመ። የድልድዩ ጠባቂ ቤት ከሰፈር ተነጥሎ ውኃው ዳር ነው። አጥሩ ጋ ስንደርስ ቆምን።

ከውስጥ ሰው ያወራል። የጋሽ ላቀው ድምፅ ነበር።

«አዛለች፣ ደከመኝ። ነገም ታድሉልኛላችሁ?»

ላቀው አጠገቤ ነው። ከንፈሩን ገጥሟል። እጄን ጉሮሮው ላይ አደረግሁ፤ ይግላል፣ እንደተያዘ ወፍ ይርገበገባል።

«ብርድ ገባ መሰለኝ» አለች አዛለች ከውስጥ። «ጋቢውን ልደርብልህ?»

«ተይኝ እኮ አልኩሽ። በእንግዳ ድምፅ አልኩሽ፣ በራስሽ ድምፅ አልኩሽ፣ ይኸው በላቀው ድምፅ እልሻለሁ። ስንት ጊዜ ላሸንፍ?»

በደንቡ መሠረት ዝሙ ተናግሯል ብዬ ማስታወቅ ነበረብኝ። አፉን ገጥሞ አጠገቤ ስለቆመ ምን ብዬ እንደማስታውቅ አላወቅሁም። አማተብኩና በሩን ገፋሁ።

አዛለች ብቻዋን ነበረች። መደቡ ላይ ጋቢ ተዘርግቷል፣ የሚሸፍነው የለም። እኛን ስታይ አልደነገጠችም።

«ሰማህ?» አለችኝ።

«ሰማሁ።»

«አንተማ አትስትም።» ላቀውን አየችውና ፈገግ ለማለት ሞከረች። «ድምፅህ ካንተ ይልቅ እሱ ላይ ያምራል፣ ታውቃለህ? አንተ ትጮህበታለህ።»

ላቀው ደጃፉ ላይ እንደቆመ ራሱን ነቀነቀ።

«ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ነው እትዬ አዛለች?» አልኳት።

«ከመጀመሪያው። ካሸነፈ ማታ ማታ ይመጣል። በሕይወቱ እንዲህ አያወራም ነበር እኮ! ቀን ሙሉ ሁለት ቃል ነው።» ጋቢውን ዳር ዳሩን አስተካከለች። «ጨዋታ ሳይችል ለምን እንደሚያሸንፍ ገብቶኛል። አፍ ቢያገኝ ነው የሚለምነኝ። ሌላ በምን ይለምነኝ?»

ያኔ ወፍጮው የዋጠው ቀሪው ንግግር ምንም ቢሆን ግድ አልሰጠኝም።

«ሰባት ሳምንት ለመነሽ» አልኩ።

«ሰባት ሳምንት አወራኝ» አለች። «አንተ ልመና ትለዋለህ። ካነሳሁት ዝም ይላል፣ ለሁልጊዜው። ሌላው ሁሉ ዝምታው እስከ ሐሙስ ነው።»

«እናኑስ? ወንበሩ ከተዘጋ ጥያቄው ለአባቷ ይመለሳል፤ ካልተዘጋ ሽማግሌዎቹ ነገ ማታ ይነሳሉ።»

«የእናኑን እናት አብሬያት ነው ያደግኩ» አለች በቁጣ። «እናኑን አንተ ነህ የምታስታውሰኝ?» ከዚያ ቁጣው ጠፋና ወደ ላቀው ዞረች። «አንተ እንዴት ቻልክበት? እውነቴን ነው። ያን ቀን እንዴት አድርገህ አነሳኸው?»

መመለስ አይችልም። ክሩን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ ገብቶ ከፊቷ ተንበረከከና እጇን ይዞ ጋቢው ላይ አሳረፈው፤ መዳፏ ወደታች። በራሱ ጣቶች ጣቶቿን አጠፈ፣ ጫፋቸው ብቻ እንዲነካ፣ የተደፋ ካርታ እንደሚያነሳ ሰው። ቀስ ብሎ ወደላይ አዞረው። መዳፏን ከፈተ። ባዶ ነበር። መልሶ አስቀመጠላት። እንደገና አደረገው። በሦስተኛው እጁን አነሳና ብቻዋን አደረገችው።

ውጭ ውኃው ይሰማል። ሌላ የሚሰማ አልነበረም፤ ጸጥ ብሎ የሚጠብቅ ግን ነበር።

«ዛሬን ድምፅህን ታውሰኛለህ?» አለችው ለላቀው። «እስከ ነገ ድረስ። ጉሮሮህ ይቆስላል።»

ላቀው ራሱን በእሺታ ነቀነቀ።

አዛለች ጀርባዋን ሰጠችን፤ ለኛ አልተናገረችም። ወደ መደቡ ጎንበስ ብላ፣ ጋቢውን ትከሻ ወደሚሆንበት ከፍ አደረገችና፣

«እሺ» አለችው። «ነገ ሲታደልልህ አነሳዋለሁ። አይቼው፣ የለም እላለሁ።»